ምጥ ሲጀምር ልቡ ይመታ ነበር

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ረዘም ይላል። «በታዳጊ አገሮች ልጅ ሞቶ እንዲወለድና ጨቅላ ሕፃን እንዲሞት የሚያጋልጡ ምክንያቶች» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ርዕስ የተሰጠው ሰው ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃል። እኔም ይዤ መጥቻለሁ። ግን ከዝርዝሩ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። የዛሬው ንግግሬም ዞሮ ዞሮ ስለዚያ ጠብ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። የዓለም ጤና ድርጅት አገርን ከአገር ሲያወዳድር ከ28 ሳምንት እርግዝና ጀምሮ ያለውን ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ የሕይወት ምልክት ሳያሳይ የተወለደ ሕፃን «ሞቶ የተወለደ» ይባላል። «ጨቅላ» ደግሞ ከተወለደበት ቅጽበት እስከ 28 ቀን ድረስ ያለ ሕፃን ነው። አንዱ 28 ሳምንት፣ ሌላው 28 ቀን። ተማሪዎችን ሁሌ ያምታታቸዋል።

አሁን ቁጥሩ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2023 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሞተው ተወለዱ። 2.3 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ በሕይወት ተወልደው 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ። ሞተው ከሚወለዱት ከአራት ሦስቱ በላይ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በደቡብ እስያ ነው የሚወለዱት። ከጨቅላዎቹ ሞት ሦስት አራተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይደርሳል። አንድ ሦስተኛ ያህሉ የመጀመሪያዋን ቀን እንኳ አይሻገሩም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ሞተው ከሚወለዱት ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ምጥ ሲጀምር በሕይወት ነበሩ።

ይህ ምን ማለት ነው? እናቲቱ ዘጠኝ ወር ተሸክማዋለች። ምጧ ሲመጣ ልቡ ይመታ ነበር። የሞተው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። አዋላጆች ይህንን በዓይን ይለዩታል። ሆድ ውስጥ ቀደም ብሎ የሞተ ልጅ ቆዳው ይላጣል። በምጥ ሰዓት የሞተው ግን ቆዳው ደህና ነው። «ትኩስ» እንለዋለን በሥራ ቋንቋችን። ቃሉ ጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘንለትም። ሀብታም አገር ውስጥ ያለ አዋላጅ እንዲህ ያለ ልጅ ሳያይ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ።

እሺ፣ ዝርዝሩን ላንብብ። ቶሎ ቶሎ ነው የምሄደው። የእናት ዕድሜ ከ18 በታች መሆን። ከ35 በላይ መሆን። የመጀመሪያ እርግዝና። አምስትና ከዚያ በላይ መውለድ። መንታ። ከዚህ በፊት ሞቶ የተወለደ ልጅ መኖር። አከታትሎ ማርገዝ፤ ከወለዱ በኋላ ዳግም እስኪያረግዙ ቢያንስ 24 ወር ይቆዩ የሚባለው ለዚህ ነው። ደም ማነስ። ስኳር። ወባ። ቂጥኝ። የደም ግፊት። የመውለጃ ቀን አልፎ መቆየት። ፅንሱ ሆድ ውስጥ በሚገባ አለማደጉ። ሲጋራ። የማገዶ ጭስ። ድህነት። አለመማር። ከጤና ተቋም ርቆ መኖር።

አስተውላችኋል? ልጅ ከሆነች አደጋ አለ። ዕድሜዋ ከገፋም አለ። የመጀመሪያዋ ከሆነ አለ። ብዙ ከወለደችም አለ። የቀረ ሰው አለ እንዴ?

ቢሆንም ዝርዝሩን እንዳለ አልጥለውም። ከውስጡ ሁለቱ ላይ ቆም ልበል። ሁለቱም ቀድመው ከተያዙ የሚታከሙ ናቸውና።

አንደኛው ቂጥኝ ነው። ሰዎች ቂጥኝ ከዓለም የጠፋ ይመስላቸዋል። አልጠፋም። በ2016 በተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት ከእናት ወደ ፅንስ የተላለፈ ቂጥኝ በዓመት ከ200 ሺህ በላይ ፅንሶችንና ጨቅላዎችን ገድሏል። እናቲቱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ምርመራው ከጣት ላይ የምትወሰድ ጠብታ ደም ናት፤ ውጤቱም እዚያው ይነገራል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። ፔኒሲሊን ቂጥኝ እንደሚያድን ከታወቀ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ብዙ እናቶች የመጀመሪያ ክትትላቸውን የሚጀምሩት ሆዳቸው ገፍቶ ነው። ያን ጊዜ ፅንሱ ብዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። እሷ ታክማ ባሏ ካልታከመ መልሶ ይይዛታል። ባሎች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው። የእርግዝና ግፊት አያምም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ገና ከጅምሩ በደንብ ሳይሰፉ ይቀራሉ። ፅንሱ ምግብም አየርም ያጥረዋል። አንዳንዴ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ላይ ድንገት ይላቀቃል። ያኔ የፅንሱ ዕድሜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከደረት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ሲመጣ ነገ እሄዳለሁ አይባልም። ግፊቱ ወደ ማንቀጥቀጥ እንዳይሄድ የሚሰጥ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት አለ። በ2002 የወጣው፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ማንቀጥቀጡን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከአንድ የግፊት መለኪያ ነው። የመለኪያው ባትሪ ካለቀ ወይም ጎማው ከተቀደደ ያ ሁሉ ዕውቀት ዋጋ የለውም።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ሁለት ነገሮች ልጨምር። ነፍሰ ጡሮች ወዲያው ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ።

የመጀመሪያው አተኛኘት ነው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ተኝቶ እንቅልፍ መውሰድ ከሞቶ መወለድ ጋር ግንኙነት አለው። በ2019 የበርካታ ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ ያየ ምርምር አደጋው ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል። የከበደው ማህፀን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በጎን መተኛት ነው መፍትሔው፤ በግራም በቀኝም ይሆናል። ሌሊት ስትነቁ በጀርባችሁ ሆናችሁ ብታገኙት አትደንግጡ። ዞራችሁ ተኙ፣ አለቀ።

ሁለተኛው የልጁ እንቅስቃሴ ነው። «ወደ መጨረሻው ቦታ ስለሚጠበው እንቅስቃሴው ይቀንሳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ስህተት ነው። የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ከእርግጫ ይልቅ መገላበጥ ሊሆን ይችላል። ግን መቀነስ የለበትም። ልጃችሁ ከለመዳችሁት ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ያንኑ ቀን ሂዱ። ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቁ። «ሰው ምን ይለኛል፣ ዝም ብላ ተደናገጠች እንዳይሉኝ» የምትል እናት ብዙ አይቻለሁ። ይበሏችሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልመለስ።

በያኔዋ ዛየር፣ በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ካሶንጎ በሚባል ቦታ የተሠራ ጥናት አለ። ውጤቱ የወጣው በ1984 ነው። ባለሙያዎቹ ነፍሰ ጡሮችን በዝርዝሩ መሠረት አስቀድመው ለዩዋቸው። «ይቺ ምጥ ሊጠናባት ይችላል»፣ «ይቺ ደህና ናት» እያሉ። ከዚያ የሆነውን ተከታተሉ። ምጥ ጠንቶባቸው ልጁ አልወጣ ካላቸው ሴቶች ውስጥ 71 በመቶዎቹ አስቀድሞ «ደህና ናችሁ» የተባሉ ነበሩ። «አደጋ አለባችሁ» ከተባሉት ደግሞ 90 በመቶዎቹ ልጁ አልወጣ አላላቸውም።

ይህን ጥናት መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ተናድጄ ነበር። ለዓመታት ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ሺህ ነፍሰ ጡሮችን አስቡ። መቶዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ እንበል። ከእነሱ አሥሩ ችግር ገጠማቸው። ከመቶ አሥር፣ ብዙ ነው። የቀሩት ዘጠኝ መቶዎች ደህና ናችሁ ተባሉ። ከመቶ ሦስት ብቻ ችግር ገጠማቸው። ትንሽ ነው። ግን ከዘጠኝ መቶ ሲሰላ 27 ይሆናል። አሥሩን ስንጠብቅ 27ቱ በሌላ በር ገቡ ማለት ነው። እነዚያ 27ቱ «ምንም የለብሽም» ተብለው ቤታቸው የተቀመጡ ናቸው።

ጠቤ ይኼ ነው። ዝርዝሩ አደጋ ላይ ናት ያላትን እንድንረዳ ያግዘናል። ችግር አይደርስባትም የምንላትን ለይቶ ሊሰጠን ግን አይችልም። ዝርዝሩ ትኩረታችንን ሁሉ እናቲቱ ላይ ያደርገዋል። ዕድሜዋ፣ ደሟ፣ የወለደቻቸው ልጆች ብዛት። ምጥ ከጀመረ በኋላ የሚሆነው ግን በአብዛኛው ከእሷ ውጭ ነው።

በምጥ ሰዓት ፅንሱ ላይ ምን ይደርሳል? ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ፅንሱ ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ ዋናተኛ ነው። ማህፀኑ ሲላላ ብቅ ብሎ አየር ይወስዳል። ጤነኛ ፅንስ ይህን ለሰዓታት ይችለዋል። ምጡ ከረዘመ ወይም ያለ ፋታ ከተደራረበ ግን አቅሙ ያልቃል። ከማለቁ በፊት ይናገራል። የሚናገረው በልቡ ነው። ጤነኛ የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። ከዚያ ወርዶ አልመለስ ካለ እየጠራን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኦክሲቶሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰው «የምጥ መርፌ» ይለዋል። ልጁ ከወጣ በኋላ ሲሰጥ የእናት ደም እንዳይፈስ ያደርጋል፤ ሕይወት አዳኝ ነው። ልጁ ከመውጣቱ በፊት ግን ምጥ ለማፋጠን ተብሎ በጡንቻ ሲወጋ ፋታውን ነው የሚያጠፋው። ዋናተኛው ብቅ የሚልበት ጊዜ ያጣል። ምጥ ማፋጠን ሲያስፈልግ በግሉኮስ ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ የፅንሱ ልብ በቅርብ እየተደመጠ ነው የሚሰጠው። ኦፕራሲዮን መሥራት በሚቻልበት ቦታ ብቻ። ደክሟታል፣ አንዴ ብትወጉልን ብላችሁ አትለምኑ። ለምናችሁ ያገኛችሁት እንደሆነም ውለታ አይደለም።

ልቡን ማድመጥስ? ፒናር የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም በ1895 ያወጣት ቀንድ የምትመስል ማድመጫ አለች። ከእንጨት ትሠራለች። መብራት አትፈልግ፣ ባትሪ አትፈልግ። ምጥ በርትቶ ማህፀን እየተከፈተ ባለበት ጊዜ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው፣ ልጁን ወደ ውጭ መግፋት ሲጀመር ደግሞ በየ5 ደቂቃው መደመጥ አለበት። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንድ አዋላጅ ሌሊት ብቻዋን ሆና አራት የሚያምጡ ሴቶች ሲኖሯት ግን አስቡት። አንዷ ስትወልድ፣ ሌላዋ ደም ሲፈሳት፣ ሦስተኛዋን ማን ያዳምጣታል?

የምጥ ሂደት የሚመዘገብበት ፓርቶግራፍ የሚባል ወረቀት አለን። በደንብ ከተሞላ ምጥ ሲጓተት ገና በጊዜ ያሳያል። ግን የማላፍርበት እውነት ልንገራችሁ። እንዲያውም አፍርበታለሁ፣ ግን እነግራችኋለሁ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚሞላው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። እኔም ሞልቻለሁ። ሁሉም ሳጥን ላይ «140» ተጽፎ ስታገኙ ልቡ እንዲያ ያለ ሰዓት ሆኖ ሳይሆን አዳማጭ አጥቶ ነው።

ሰዎች «እናቶች ጤና ተቋም ካልመጡ ምን ይደረጋል» ይሉናል። እውነት አለው። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 ሦስት መዘግየቶች ብለው የጻፉት እስከ ዛሬ ይሠራል። እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ተብሏል። የወሰነው ባል ነው፣ አማት ናቸው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም። እኔ ስለ ሦስተኛው እወተውታለሁ። ዛሬ በብዙ ታዳጊ አገሮች አብዛኛዎቹ እናቶች በጤና ተቋም ይወልዳሉ። በር ከገቡ በኋላ ግን የሚጠብቁት ብዙ ነው። ሐኪም ይጠራል፣ ደም ይፈለጋል፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌላ ቦታ ነው፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሪፈር ከተባለች ደግሞ ሦስቱም መዘግየት እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል።

በ2017 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በዚህ ጉዳይ ብዙ አስተምሮኛል። በሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በ120 የጤና ተቋማት ነው የተሠራው። በግማሾቹ ውስጥ አዋላጆች በወሊድ ጊዜ መደረግ ያለባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያዩ ምልክት የሚያደርጉበት ቅጽ ተሰጣቸው፤ አሠልጣኞችም እየተመላለሱ አገዟቸው። አሠራራቸው በግልጽ ተሻሻለ። የሕፃናቱ ሞት ግን አልቀነሰም። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሥልጠና ከንቱ ነው?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። እጅ መታጠብና ሙቀት መለካት ጥሩ ነው። ልጁ ሲታፈን በሰዓቱ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ከሌለ ግን ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን አያወጣውም።

ወደ ተወለደው ልጅ ልሻገር።

ከመቶ ሕፃናት አሥሩ ያህል ለመጀመሪያው ትንፋሽ እገዛ ይፈልጋሉ። አብዛኛዎቹ በደንብ ሲደረቁና ጀርባቸው ሲታሽ ይነሳሉ። የቀሩት አምቡ ባግ በሚባል፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ መሣሪያ አየር ይሰጣቸዋል። ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ዘቅዝቆ መምታት አይጠቅምም፤ ደቂቃውን ይበላል።

ታንዛኒያ ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች አዋላጆች ይህን ሠለጠኑ። ውጤቱ በ2013 ወጣ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ሕፃናት በ47 በመቶ ቀነሱ። ይኼ የሚጠበቅ ነው። የገረመኝ ሌላው ነው፤ «ትኩስ» የሚባሉት ሞተው የሚወለዱ ሕፃናትም በ24 በመቶ ቀነሱ። ሥልጠናው የተወለደውን ልጅ ስለማስተንፈስ ነው፤ ሞቶ የሚወለደው እንዴት ይቀንሳል? አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው። ቀድሞ «ሞቶ ተወለደ» ተብለው ከተመዘገቡት አንዳንዶቹ አልሞቱም ነበር። አልተነፈሱም፣ አልተንቀሳቀሱም፣ ግን ልባቸው ይመታ ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ላወራ አልፈልግም።

ያለጊዜያቸው የሚወለዱት ሌላው ትልቅ ጉዳይ ናቸው። በዓለም ላይ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያለጊዜው ይወለዳል፤ በጨቅላ ዕድሜ ከሚሞቱት ውስጥም የያዙት ድርሻ ትልቅ ነው። እነዚህን ልጆች ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ ብርድ ነው። በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ልጁን እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አጣብቀው አሰሩት። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። ለዓመታት «ልጁ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጣል» ስንል ቆየን። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ፣ በ2021 የወጣ ጥናት ግን ይህን ገለበጠው። ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው ደረት ላይ ሲደረጉ፣ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ይልቅ ሞታቸው በ25 በመቶ አነሰ። ልዩነቱ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። አባትም ደረት አለው፣ በነገራችን ላይ።

ቦታው እንደሚወስን የሚያሳይ አንድ ነገር ደግሞ ከመድኃኒት ላምጣ። ያለጊዜው ሊወለድ ለሆነ ልጅ ሳንባውን የሚያጠነክር ስቴሮይድ ለእናቱ ይሰጣል። በ2015 የወጣ ጥናት ይህን መድኃኒት በስድስት አገሮች እስከ ማኅበረሰቡ ድረስ አወረደው። የጨቅላዎች ሞት በጥቅሉ ሲታይ መቀነሱ ቀርቶ ጨመረ። በ2020 ደግሞ ሌላ ጥናት ያንኑ ዓይነት መድኃኒት የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ በተረጋገጠበትና ለተወለደው ልጅ እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ሰጠው። ሞት ቀነሰ።

ስለ ኢንፌክሽን አጠር ላድርግ። ጨቅላ ሲታመም እንደ ትልቅ ሰው አይጮህም። ጡት ይተዋል። ይዝላል። ትኩሳት ይኖረዋል ወይም በተቃራኒው ይቀዘቅዛል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እነዚህ አንዱም ቢሆን ለነገ አያሳድርም። አብሃይና ራኒ ባንግ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በሕንድ ጋድቺሮሊ ወረዳ የመንደር ሴቶችን እነዚህን ምልክቶች አስተምረው ቤት ለቤት አሰማሯቸው። መርፌ መውጋትም ጭምር አሠለጠኗቸው። በ1999 ባወጡት ውጤት የጨቅላዎች ሞት በ62 በመቶ ቀንሷል። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ በ1988 በዓመት 787 ሺህ ጨቅላዎችን ይገድል ነበር፤ በ2018 ወደ 25 ሺህ ወርዷል። ክትባቱ የሚሰጠው ለእናቲቱ ነው፤ የሚጠበቀው ልጁም ነው። እትብት ላይ ምንም አይቀባ፤ ሐኪም ካዘዘው በቀር።

ከመጨረሴ በፊት ስለ መዝገቡ። የተባበሩት መንግሥታት የሚሊኒየም የልማት ግቦች ሞተው ስለሚወለዱ ልጆች አንድም ነገር አላሉም። በዘላቂ የልማት ግቦች ውስጥም የጨቅላ ሞት ከሺህ ወደ 12 ይውረድ ተብሏል፤ ሞቶ መወለድ ግን ግብ አልተቀመጠለትም። በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የጨቅላዎች ዕቅድ ነው እስከ 2030 ለሁለቱም ከሺህ 12 ብሎ ያስቀመጠው። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት የለውም። ሌላም ችግር አለ። ሕፃን በሞተ ቁጥር ቁጭ ብሎ ምን ሆነ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ስብሰባው ጥፋተኛ ፍለጋ ከሆነ ግን ባለሙያው ይማራል፤ የሚማረው ግን መደበቅን ነው። በተወለደ በአምስት ደቂቃው የሞተውን «ሞቶ ተወለደ» ብሎ ይጽፋል። ጥያቄው ያንሳልና።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

አንዲት እናት ከኋላ ጠይቀዋል። ልጁ ሞቶ ሲወለድ ለእናቲቱ እናሳያት ወይስ እንደብቃት ነው የሚሉት። እሷን ጠይቋት። አንዳንዷ ማቀፍ ትፈልጋለች፣ አንዳንዷ አትፈልግም፣ አንዳንዷ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐሳቧን ትለውጣለች። በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠብቁላት። ለእሷ ብለን ከእሷ መደበቅ የለመድነው ነገር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የማንን ዕንባ እየሸሸን እንደነበር አላውቅም።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሦስተኛው ቀን ገደማ ወተቷ ይመጣል። ሰውነቷ ልጁ እንደሌለ አያውቅም። ጡቷ ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ልብሷ ይርሳል። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ትልበስ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ታድርግበት፣ ሕመም ማስታገሻ ትውሰድ። ካስጨነቃት ትንሽ ብቻ ታልበው። ከቀላና ካተኮሳት ትመለስ። በቀናት ውስጥ ይደርቃል።

አንዲት እናት በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። የሸኘኋት እኔ ነበርኩ። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል፤ በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስትወጣ ስለ ደሙ ነግሬያት ነበር። ስለ ትኩሳቱም ነግሬያት ነበር። ስለ ወተቱ ግን አልነገርኳትም።